የኮሶ አምባን ድንበር ማን መራው

ትሬንታ ኳትሮዋ፣ ጣሊያን ጥሏት የሄደው የጭነት መኪና፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ያለውን ዳገት እያጓራች ስትወጣ ሸዋአየሁ ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ ነበረች። ከጨው ከረጢቶች መካከል ተሸጉጣ፣ በሁለት እጇ የእንጨቱን አጥር አጥብቃ ይዛ፣ ዐይኗን ግን ከጋቢናው የኋላ መስኮት ላይ አልነቀለችም። በመስኮቱ ውስጥ የአንድ ሰው ማጅራት ይታያታል። የተላጨ፣ የወፈረ፣ በቅቤ የወዛ ማጅራት ነው። ባለቤቱ ግራዝማች ክንዴ ይባላል፤ የሚሄደውም የሸዋአየሁን የአባት ርስት ሊረከብ ነው። ርስቱን የሚወስደው ሰውዬ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፣ ባለርስቲቱ ከጨው ጋር ተጭና ትከተላለች። ይህም ሳያንስ፣ ከጎንደር ሲነሱ «በነፃ ተጭነሻልና አመስግኚ» ተብላ ነበር። አላመሰገነችም።

ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። መኪናዋን የሚነዳው የሻው የሚባል ዝምተኛ ሾፌር ነው። መካከል ላይ ክንዴ፣ ከዳር በኩል ደግሞ የመሬቱን ነገር እንዲፈጽም ከጎንደር የታዘዘው ፊታውራሪ ወልደ ገብርኤል ተቀምጠዋል። ሸዋአየሁ አጠገብ፣ ጥቁር ዣንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል ሸጉጠው፣ የቁስቋሙ መሪጌታ ሐብተ ማርያም አሉ። መሪጌታ የተጠሩት ለመሐላው ነው። እሳቸውን የሚያህል ሊቅ ጨው ላይ ያስቀመጠ ሹም ለሴት ወንበር ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነበር።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ወሩ የካቲት ነው። ጣሊያን ከጎንደር ከተባረረ አምስት ዓመት አልፎታል። የቆረጠው መንገድ ግን እንዳለ አለ፤ መኪናው አለ፤ ከእሱ ጋር ሲበሉና ሲጠጡ የነበሩ ሰዎችም ማዕረግ ለውጠው አሉ።

መሪጌታ መንገድ ላይ ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። በመስኮቱ አሻግረው የሾፌሩን እጅ ሲያዩ ቆይተው፣ ያንን የሚያሽከረክረውን ክብ ነገር ሰዉ ምን እንደሚለው ሸዋአየሁን ጠየቋት። «መሪ» አለቻቸው። ሳቁና፣ ተማሪ ፊታቸው የተቀመጠ ይመስል ትምህርታቸውን ጀመሩ።

ቃሉ የግእዝ ልጅ ነው አሉ። ግእዙ «መርሐ» ይላል፤ አማርኛ ተናጋሪው የመጨረሻውን ፊደል ጉሮሮው ውስጥ ውጦ «መራ» አደረገው። እሳቸው ከመምህራቸው እንደሰሙት፣ መጀመሪያ የዕውር እጅ ይዞ መሄድ ነው መምራት የተባለው፤ ከዚያ ነጋዴዎችን በማያውቁት በረሃ ቀድሞ የሚሄድ ሰው መሪ ሆነ። ሰብአ ሰገልን ኮከብ መራቸው እንላለን። በማሕሌት ዜማውን አንሥቶ የሚሰጥ መሪ ነው፤ የሚቀበለው ተመሪ። የሳቸውም ማዕረግ ስሙ ከዚሁ ነው። አሁን ደግሞ ብረትም ሹመት አግኝቶ መሪ ተብሏል ብለው ቀለዱ። ቀጥሎ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«መሬት ተመራ የሚሉትስ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዱሮ መሬት የሚሰጥ ጌታ ራሱ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ ይኸውልህ ከዚህ እስከዚህ እያለ ያሳይ ነበር። መራው የተባለው ስለዚያ ነው። ያኔም ነገሩ በእግር ነበር። ዛሬ የሰውን ርስት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመራሉ።»

መኪናዋ ዳገቱን ጨርሳ ሜዳው ላይ ስትወጣ ሸዋአየሁ ወደ መሪጌታ ዞረች።

«መሪጌታ፣ ፋሽስትን ወደ ዋሻው ያመጣውን ሰውስ ምን እንበለው?»

«እሱንም መራቸው ነው የምንል፣ ልጄ። ሌላ ቃል የለንም» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ነገሩን ያውቁታል። ቁስቋም ደጅ ጥጥ እየፈተለች ስትኖር ለንስሐ አባቷ ከነገረችው በላይ ለሳቸው ነግራቸዋለች። ኮሶ አምባ የአባቷ ርስት ነው። ከታችኛው እርሻ ጫፍ ገደል ይነሳል፤ ከገደሉ አናት ላይ ደግሞ ለምለም መሬትና በበጋ የማይደርቅ ምንጭ አለ። ወደ ላይ ለመውጣት ሰዉ ሁሉ በሸንተረሩ ዞሮ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከገደሉ ሥር ካለው ወይራ ጀርባ ግን አንድ ስንጥቅ አለ። ከፊት ሲያዩት ጥላ እንጂ መንገድ አይመስልም። ትከሻን አዙሮ፣ በግራ እጅ ድንጋዩን ይዞ የገባ ሰው ቶሎ መኻል ገደል ላይ ይደርሳል፤ እዚያም ዋሻ ያገኛል። አባቷ ይህን ያሳዩት ለእሷ ብቻ ነበር፤ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። እሷም ለባሏ ለዋኘው አሳየችው።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ዋኘው ከጓደኞቹ ጋር ዋሻው ውስጥ ገባ። የኮሶ አምባ ሰው ስንቅ እያዋጣ ለሸዋአየሁ ይሰጣል፣ እሷ ታደርሳለች፤ መንገዱን ግን ማንም አይጠይቃትም፣ እሷም አትናገርም። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ማለዳ፣ የጣሊያን ወታደሮች ከነባንዳቸው በዚያው ስንጥቅ ወጥተው ሰዎቹን ከነብርድ ልብሳቸው ጨረሷቸው። ተኩሱ ሲሰማ ሸዋአየሁ ታች ወፍጮ ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስካሁን ደሟን የሚያፈላው። መንገዱን ከሚያውቁት ውስጥ በሕይወት የቀረች እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ ሆነ። ከጎንደር በኩል ለዋኘው ጥይት የሚያቀብል አንድ ነጋዴ እንደነበር፣ ከጊዜ በኋላ ዋኘው ራሱ ዋሻው ድረስ እንዳስገባው ለሽማግሌዎቹ ነገረቻቸው። የት አለ አሏት። ስሙ ማነው አሏት። አላየችውም፤ ዋኘውም «ነጋዴው» ከማለት በቀር ስሙን ነግሯት አያውቅም። በሙታኑ ሰባተኛ ቀን ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ከአጠገቧ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ስማቸው የሚባል ልጁ ዋሻው ውስጥ የሞተበት ሽማግሌ፣ አያ ማሩ፣ ከደጁ እሳት እንዳትጭር ከለከለ። አንድ ቤት እሳት ከከለከለ ሌላው ተከተለ። እሳት የማይሰጧት ሴት በዚያ ብርድ አገር ምን ልትሆን ነው? ወደ ጎንደር ወረደች።

ሰው አስወጥቶ ሲያበቃ፣ ባዶ ነው ብሎ መሬቱን መስጠት ግን ምን ይባላል? ርስቷ ጠፍ ተባለ። ባለቤቱ የለም፣ ወራሽ የለም፣ ስለዚህ የመንግሥት ነው ተባለና በጠዳ በኩል በአርበኝነት ደክሟል ለተባለ ለግራዝማች ክንዴ ተመራ። ክንዴ በፊታውራሪው ችሎት ቆሞ፣ ከመኪናው መንገድ ወጥቶ ወገራን ረግጦ እንደማያውቅ፣ ኮሶ አምባንም በስም ብቻ እንደሰማው፣ ለማንም ቂም እንደሌለው ተናግሮ ነበር። ሸዋአየሁ በሕይወት አለሁ ብላ ስትጮኽ ፊታውራሪው ተሰላችቶ «ነበርሽ?» አላት።

ከመኪናው ወርደው ቀሪውን መንገድ በበቅሎና በእግር ሄዱ። ኮሶ አምባ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ከሚካኤል ደጀ ሰላም፣ ከጽዱ ሥር ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። ለፊታውራሪው ተነሡ፣ የመሪጌታን ወንጌል ተሳለሙ፣ ለግራዝማቹም እጅ ነሡ። ሸዋአየሁን ግን ያየ ሰው አልነበረም። አያ ማሩ በትሩን ተመርኩዞ ከእሷ ማዶ ያለውን ሜዳ ይመለከት ነበር፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ጢሙ ጭራሽ ነጥቷል። ሰላም ልትለው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፣ መለሰችው። ምን በወጣት።

ፊታውራሪው መሬቱን በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ ለክቶ ቢሄድ በወደደ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ቀላድ ያየ ገበሬ ጠመንጃውን እንደሚያወርድ ያውቃል፤ ስለዚህ በአገሩ ደንብ ይሁን አለ። ደንቡ ይህ ነው። መሬቱ የኔ ነው የሚል ሰው ይምላል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ከዚያው መሬት የተቆረጠ ጓል ትከሻው ላይ ይደረግለታል፤ ከዚያ ድንበሩን በእግሩ ይመራል። ሽማግሌዎቹ በተርታ ይከተሉታል፤ እነሱ የተከተሉት ድንበር ይሆናል፣ ያልተከተሉት አይሆንም። ተከራካሪ ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል። አንዲት እርምጃ አልከተልም ብሎ ቢቆም ግን ከዚያ ወዲያ አፍ የለውም፤ ለቋል ማለት ነው።

ፊታውራሪው ተከራካሪ የለም ሲል መሪጌታ ሐብተ ማርያም ወንጌሉን መልሰው በማኅደሩ ከተቱት። ሴቲቱ ተከራካሪ ሆና ካልተከተለች አላስምልም አሉ። ፊታውራሪው ፀሐዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ «ትከተል፤ ምን ታመጣለች» አለ።

ክንዴ ማለ። በወንጌሉ ላይ እጁን ጭኖ፣ መሬቱን በእውነት እመራለሁ፣ በዚህ አገር ደም የለብኝም አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ጫማውን አውልቆ ለአሽከሩ ሰጠና ጓሉን ተሸክሞ ተነሣ።

የታችኛውን እርሻ አሳምሮ መራ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ምልክቶቹን ሁሉ አስቀድሞ ነግሮታልና ከቅንጭቡ አጥር ወደ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ወደ ወንዙ ሲሄድ አልተሳሳተም። ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ተከተሉት። ሸዋአየሁም ከመጨረሻ፣ አባቷ እየኮተኮቱ እሷን ያሳደጉበትን መሬት በሌላ ሰው ኮቴ እየረገጠች ተከተለች። ጥርሷን ነክሳ ነበር። ያንን ሁሉ ሽማግሌ፣ የአባቷን እንጀራ በልቶ ያደገውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ ጀርባውን እያየች ስትሄድ ከክንዴ ይልቅ እነሱን ጠላቻቸው። ክንዴ ቢያንስ አያውቃትም።

ገደሉ ሥር ሲደርሱ ፊታውራሪው በላብ ተነክሮ ነበር። ምንጩ ያለበት የላዩ መሬት እንደቀረ፣ በሸንተረሩ ዞሮ ለመውጣት ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ሲነገረው አጉረመረመ። ሳይመሽ መኪናው ዘንድ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ካልሆነ የላዩ መሬት ይቅር አለ። ክንዴ ወደ ላይ ተመለከተ። ሰውዬው ምንጩን ሊተወው አልቻለም፤ የርስቱ ነፍስ እዚያ ነው። ደግሞም ደክሞታል፣ ፀሐዩ አናቱን በልቶታል፣ የሹሙም ቁጣ ያስፈራዋል።

«ግድ የለም፣ እኔ አቋርጣለሁ» አለ።

ቀጥ ብሎ ወደ ወይራው ሄደ። ሳያፈላልግ፣ ሳይጠራጠር፣ ቅርንጫፉን በክንዱ ገፋ፣ ጓሉን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛወረ፣ ጎኑን አዙሮ ድንጋዩ ውስጥ ገባ። የታየው እስከዚያ ነው። ከዚያ ወይራው ብቻ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ባሉበት ቆሙ። ጭቃ ሹሙ ወደ ወይራው ጀርባ አንገቱን አስግጎ አየና ወደ ኋላ ተመለሰ።

«ኑ እንጂ» አለ የክንዴ ድምፅ ከላይ፣ ከድንጋዩ ውስጥ። «በግራ እጃችሁ ድንጋዩን ያዙት፤ አይዟችሁ፣ ያስገባል።»

ሸዋአየሁ ያንን ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ በልቧ ስትሠራው ኖራለች። አንዳንድ ቀን ረጅም አድርጋዋለች፣ አንዳንድ ቀን ጠባሳ ሰጥታዋለች። ፊት የሌለው ሰው መጥላት ይከብዳል። አሁን ፊቱን አወቀችው፤ ድምፁም ዋኘው የሰማው ድምፅ ነው። ዋኘው ራሱ «በግራ እጅህ ያዘው፣ አይዞህ፣ ያስገባል» ብሎ መርቶት ይሆናል። ቃሉን ከሟቹ አፍ ተቀብሎ ነው የሚመልሰው። ወይራውን ያዘች።

ቀና ስትል አያ ማሩ እያያት ነበር። እሳት ከከለከላት ወዲህ ዐይኗን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። በትሩን መሬት ላይ አጋደመና ከወይራው ሥር ተቀመጠ። ከአጠገቡ ያለውም ሽማግሌ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጡ።

ክንዴ የሚከተለው ሰው ሲያጣ ወደ ታች ተመለሰ። ጓሉ ትከሻው ላይ ፈራርሶ ነጭ ካፖርቱን አቆሽሾታል። ምን ሆናችኋል አለ። አያ ማሩ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ይህችን መግቢያ መቼ እንዳወቃት ጠየቀው። ክንዴ ጭቃ ሹሙ ነግሮኛል አለ። ጭቃ ሹሙ እጁን ዘርግቶ፣ እኔ ራሴ ይህን ስንጥቅ ያየሁት ዛሬ፣ አሁን ነው፤ ተወልጄ እዚሁ ኖሬ አላውቀውም አለ። ክንዴ ከዚያ በኋላ ስለ ፍየል መንገድ፣ ስለ እረኛ፣ ስለ ዕድል ተናገረ። ብዙ ተናገረ። በተናገረ ቁጥር የሚያየው ሰው እየቀነሰ ሄደ።

ፊታውራሪ ወልደ ገብርኤል የሆነውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሞኝ አይደለም። ሲረዳው ግን የተቆጣው በክንዴ አይደለም፣ በተቀመጡት ላይ ነው። ቢሆንስ አለ። በጣሊያን ጊዜ ለሆነው ሁሉ ጃንሆይ ምሕረት አድርገዋል፤ ያለፈውን መቃብር የሚቆፍር የመንግሥት ጠላት ነው፤ ምሪቱ ጸንቷል፤ ተነሡና ተከተሉት። አንድም ሰው አልተነሣም።

«ጃንሆይ ምሕረት ያድርጉ፣ የሳቸው ነው» አለ አያ ማሩ ቀስ ብሎ። «እኔ የተጠራሁት ግን ድንበር ልከተል ነው። ይህ ሰው እኮ በዚችው ሰው መርቶ ያውቃል፣ ጌታዬ። የመራቸውም ወደ ልጄ ነው። እኔ ደሞ ስምንት ዓመት ሙሉ እሳት የከለከልሁት ሌላ ሰው ነበር።»

ፊታውራሪው በአለንጋው ጫማውን መታ። እሺ፣ ድንበሩ ያለ መሪ ሊቀር ነው? ማን ሊመራ ነው ታዲያ? ብሎ ጠየቀ፤ የጠየቀው መልስ ፈልጎ አልነበረም።

«እኔ» አለች ሸዋአየሁ።

ሴት ድንበር መርታ አታውቅም አለ ፊታውራሪው። መሪጌታ ሐብተ ማርያም ዣንጥላቸውን ዘግተው ወደ ፊት መጡ። ወንጌሉ የሚምለውን ሰው እምነት እንጂ ጾታውን እንደማይጠይቅ፣ ባለርስት ሴት ከሆነች መሪዋም ሴት እንደምትሆን፣ ይህን ለመከልከል የሚፈልግ ካለ ጎንደር ወርዶ ሊቃውንቱን እንዲያነጋግር ነገሩት። ቀጥለውም መልስ ሳይጠብቁ አስማሏት። አንድ ሽማግሌ ጓል ለመቁረጥ ሲነሣ ሸዋአየሁ በእጇ ከለከለችው። ራሷ ጎንበስ ብላ፣ ከወይራው ሥር በጥፍሯ አፈሩን ቆረጠችው። የእነሱ እጅ እንዲነካላት አልፈለገችም።

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ይህ እንዲያስደስታት ይጠብቁ ይሆናል። አላስደሰታትም። የተነሡት ለሞቱት ልጆቻቸውና ለወንድሞቻቸው ነው፤ እሷ በሕይወት ሳለች ለእሷ የተነሣ አልነበረም። እውነቱን ያመኑት እሷ ስለተናገረች አይደለም፣ ሌባው ራሱ በእግሩ ስለነገራቸው ነው። የሌባ እግር ከባለርስት አፍ ይልቅ ታመነ ማለት ነው። ይህን እያሰበች ገባች።

ክንዴ መከተል ግዴታው ነበር። አሁን ተከራካሪው እሱ ነው። ፊታውራሪው «ተከተላት፣ አንዲት እርምጃ እንዳትቀር፣ ከቀረህ መሬቱ ሄደ» ብሎ በጆሮው ነገረው። እሷ ከፊት፣ ክንዴ ከኋላዋ፣ ከዚያ አያ ማሩና ሌሎቹ፣ ከመጨረሻ መሪጌታ በዣንጥላቸው እየተደገፉ ስንጥቁን ወጡ። ጠባብ ነው፤ የፊተኛው ሰው ትንፋሽ ለኋለኛው ይሰማል። ሸዋአየሁ የሰውዬውን ትንፋሽ ከማጅራቷ ላይ ሰማችው። ፈጣን ነበር፣ ዳገቱ ግን ያን ያህል አልነበረም።

መኻል ገደሉ ላይ ትንሽ ሜዳ አለ። ከዚያ በስተግራ ወደ ምንጩ የሚወስድ ቀጭን መንገድ አለ፤ በስተቀኝ ዋሻው ነው። ክንዴ ወደ ምንጩ የሚሄዱ መስሎት ወደ ግራ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሸዋአየሁ ወደ ቀኝ ታጠፈች።

የአባቷ ድንበር በዋሻው ውስጥ ነው የሚያልፈው። የጥጉን ግድግዳ ነክቶ በሌላኛው አፍ ይወጣል፤ እንዲያ ነው ያሳዩዋት። ከዋሻው አፍ ላይ ድንጋይ የተከመረባቸው መቃብሮች በተርታ አሉ። ቀብሩን የኮሶ አምባ ሰው በሸንተረሩ ዞሮ ከምንጩ በኩል ወርዶ ነው የፈጸመው፤ እሷ እንድትቀርብ አልተፈቀደላትም ነበር። ዛሬ ገና ነው ያየቻቸው። የዋኘው የቱ እንደሆነ አታውቅም። ማንም ነግሯት አያውቅም፤ ይህንንም ነፍገዋታል። መጠየቅም አልፈለገች። በመቃብሮቹ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ ጓሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ጨለማው ገባች። ለቅሶዋ መጣባትና ዋጠችው፤ እየመራች ነው።

ከኋላዋ የእግር ድምፅ ቆመ።

«ሂድ እንጂ» የሚል የፊታውራሪው ድምፅ ተሰማ፤ እሱም በስተመጨረሻ እያለከለከ ወጥቶ ኖሯል። «ሂድ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ድንጋይ ነው።»

ክንዴ አልሄደም። ከመጀመሪያው መቃብር ግርጌ ቆሟል። ባዶ እግሩን አንድ ጊዜ አነሣ፣ እዚያው መልሶ አኖረው። ላቡ በአገጩ ይወርዳል። ፊታውራሪው መሬቱን አስታወሰው፣ ምንጩን አስታወሰው፣ ግራዝማችነቱን አስታወሰው፤ ትዕግሥቱ አልቆም በአለንጋው እጀታ ጀርባውን ገፋው። ክንዴ ተገፍቶ ሊወድቅ ሲል ወደ ኋላ ሸሸ።

«ምነው?» አለ አያ ማሩ። አጠገቡ ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ። «ምነው ግራዝማች? በዚህ አገር ደም የለብኝም ብለው ምለዋል ታች።»

«እነዚህ ያውቁኛል» አለ ክንዴ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱም የሰማው አይመስልም። ሁሉም ግን ሰሙት። ፊታውራሪው ሰማ፤ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረና ካፖርቱን ማራገፍ ጀመረ። መሪጌታ ወንጌላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ክንዴ የተሸከመው ነገር ሳይኖር ትከሻውን በእጁ ደጋግሞ ጠረገ፤ ከዚያም ማንንም ሳያይ በስንጥቁ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ወዲያ አፍ አልነበረውም። የሚከለክለው ሰው ግን አልነበረም፤ ምሕረት የተደረገለት ሰው ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ አገር ሌላ መሬት ይመሩት ይሆናል። ሸዋአየሁ ይህን አውቃለች፤ አውቃም አንጀቷ አልበረደም።

ዋሻው ውስጥ ሆና የሽማግሌዎቹን እግር ጠበቀች። አልመጡም። መለስ ብላ ስታይ አያ ማሩ ከዋሻው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ እያነሣ ነበር። ሌሎቹም እንደሱ አጎነበሱ። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ ጫኑና አንገታቸውን ደፍተው ፊቷ ቆሙ።

«ሸዋአየሁ ልጄ» አለ አያ ማሩ። ድንጋዩ ከብዶት ድምፁ ተቆራረጠ። «ነገርሽን ነበር። አልሰማንሽም። ስለ ልጄ ብለሽ፣ ስለ ስማቸው...»

ልታለቅስ ትችል ነበር። ይቅር ልትልም ትችል ነበር፤ መሪጌታ ያንን ቃል ከአፏ እየጠበቁ ዐይናቸው ተንከራተተ። ስምንት ክረምት ግን በሰው ደጅ አሳልፋለች። ያንን ሁሉ ድንጋይ ለአፍታ ተሸክመው የሚያወርዱት መስሏቸው እንደሆነ ተሳስተዋል።

«ድንጋዩን አስቀምጡት አያ ማሩ» አለች። «አንቱ ዛሬ ለእርቅ አይደለም የተጠሩ። ድንበሩ ገና አላለቀም።»

ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ ጓሉን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ በጥጉ ግድግዳ በኩል ወደ ብርሃኑ ሄደች። ከኋላዋ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ሲቀመጡ ተሰማት። ቀጥሎም የእግራቸው ድምፅ መጣ።